የብራና ኅዳግ ማስታወሻና የቤተሰብ የዘር ሐረግ

በውጫሌ፣ በሐይቅና በመላው አምባሰል የአንድ ቤተሰብ የትውልድ ታሪክ በሁለት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። አንደኛው የሽማግሌዎች አንደበት ነው፤ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ብራና ነው። የአንደበቱን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ቅም አያትና ወደ ምንጅላት ይወጣል። በብራና ላይ የሰፈረው ግን ማንበብና መፍታት ይጠይቃል። የዛሬው ትምህርት የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ የሰው ስም፣ ዘመንና ዝምድና የሚነበቡበትን መንገድ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የተጠመቀውን ሕፃን ሁሉ በተራ የሚመዘግብ መዝገብ የመያዝ ልማድ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ስም ይወጣል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆማል፤ ሥርዓቱ ግን በጽሑፍ ሳይሆን በምእመናን ትዝታ ይጠበቅ ነበር። በጣሊያን ነገሩ ሌላ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1563 በትሬንት ጉባኤ በየአጥቢያው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲያዝ ስለወሰነች፣ እዚያ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ ሰው ዓመት በዓመት የተጻፈ መዝገብ ያገላብጣል። በኢትዮጵያ የዚህ መዝገብ ቦታ የተያዘው በወንጌል፣ በስንክሳር፣ በተአምረ ማርያምና በዳዊት ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ በሚጻፍ ማስታወሻ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የጥምቀት መዝገብ የሚጻፈው ሰውየውን ለመመዝገብ ነው። የብራና ማስታወሻ ግን የሚጻፈው ለርስት፣ ለጉልት፣ ለስጦታ፣ ለሽያጭ፣ ለስእለት ወይም ለጸሎት ነው፤ የሰው ስም የሚገባው በዚያ ሰበብ ነው። ስለዚህ አንባቢው ስም ከመፈለጉ በፊት ማስታወሻው ለምን እንደተጻፈ መለየት አለበት። ምክንያቱ ከታወቀ በውስጡ ማን ሊጠቀስ እንደሚችል፣ ማንስ ሊዘለል እንደሚችል ይታወቃል። መሬት የሰጠ ሰው ይጠቀሳል፤ ምስክሮቹ ይጠቀሳሉ፤ መሬት ያልነበረው ጎረቤቱ ግን አይጠቀስም። አንድ ስም አለመገኘቱ ብቻ ሰውየው በዚያ አጥቢያ አልኖረም አያሰኝም።

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ታላቅ ምሳሌ ከውጫሌ ሩቅ አይደለም። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የምንኩስና ሕይወትንና ትምህርትን ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራው የገዳሙ ወንጌል በ1273 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው፤ ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። በቅጠሎቹ ላይ ከወንጌሉ ቃል ሌላ፣ በየዘመኑ የተጨመሩ የገዳሙ ማስታወሻዎች ሰፍረዋል። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ይዞ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ቦታ ስለነበረው፣ እነዚህ ማስታወሻዎች ለአገር ታሪክም ምንጭ ሆነዋል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ቅደም ተከተል ያጠኑት ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፎች ተነሥተው ነው።

ይሁንና የገዳም ብራናና የአጥቢያ ብራና ለቤተሰብ ታሪክ እኩል አያገለግሉም። መነኮሳት ልጅ ስለማይተኩ፣ በገዳም ወንጌል ላይ የሚታየው ተተኪነት የመምህርና የደቀ መዝሙር ነው፤ እዚያ «አባ» ከተባለው ሰው ቀጥሎ የተጻፈው «ልጅ» የመንፈስ ልጅ ሊሆን ይችላል። የገዳሙ ጽሑፍ ይልቁን የሚጠቅመው የመንደርና የመሬት ስሞችን ለማወቅ ነው። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና እኅት አብረው የሚጠቀሱት በአብዛኛው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወንጌልና በቤተሰብ ዳዊት ላይ ነው። በቤተሰብ ዳዊት ባዶ ቅጠሎች ላይ የልደትና የሞት ቀን የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ፣ ፍለጋ ከቤት ዳዊት ቢጀመር ይመረጣል።

ብራናው ሲገለጥ የመጀመሪያው ሥራ የጽሑፉን እጅ መለየት ነው። ዋናው መጽሐፍ የተጻፈበት እጅና ማስታወሻው የተጻፈበት እጅ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ወንጌሉ በ15ኛው መቶ ዓመት ተጽፎ ማስታወሻው በ19ኛው ሊጨመርበት ይችላል፤ ስለዚህ የመጽሐፉ ዕድሜ ለማስታወሻው ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ዋናው ጽሑፍ በጉልህ ፊደል፣ በተሰመረ መስመር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል። ማስታወሻው ግን ደቀቅ ባለ ፊደል፣ መስመር ሳይጠብቅ፣ ባዶ በተገኘው ቦታ ሁሉ ይገባል። ቋንቋውም ይለያያል። የቆዩት ማስታወሻዎች በግእዝ ናቸው፤ ኋላ የመጡት ግእዝና አማርኛ ይቀላቅላሉ። መግቢያውና መዝጊያው በግእዝ ሆኖ፣ የመሬቱ ወሰንና የምስክሮቹ ስም በአማርኛ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀመር ቃላትን መለየት ነው። የብራና ማስታወሻ በተለመዱ ሐረጎች የተሠራ ስለሆነ፣ ጥቂቶቹን የሚያውቅ ሰው ግእዝ ባይማርም የጽሑፉን አካል ሊከፋፍለው ይችላል። «ዘአጽሐፈ» የሚለው መጽሐፉን ገንዘብ ከፍሎ ያጻፈውን ሰው ያመለክታል፤ «ዘጸሐፈ» ደግሞ ጸሐፊውን። የሁለቱ ልዩነት «አ» መጨመሩና «ጸ» ወደ «ጽ» መለወጡ ብቻ ነው፤ ከተምታታ ግን የጸሐፊው ስም የቤተሰቡ አባት ሆኖ ይቆጠራል። «ለገብርከ» ከወንድ ስም፣ «ለአመትከ» ከሴት ስም በፊት ይመጣል፤ ጸሎት የሚለመንለት ሰው በዚህ ይታወቃል። «ብእሲቱ» ሚስቱ፣ «አቡሁ» አባቱ፣ «እሙ» እናቱ፣ «እኁሁ» ወንድሙ፣ «እኅቱ» እኅቱ ማለት ነው። ማስታወሻው መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም መሬቱን የቀማውን በሚያወግዝ ቃል ይዘጋል፤ «ውጉዝ ለይኩን» የሚለው ሲመጣ የውሉ ፍሬ ነገር አልቋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ወልደ» ነው። ቃሉ «የእገሌ ልጅ» ለማለት ያገለግላል፤ የክርስትና ስም አካልም ይሆናል። «ጊዮርጊስ ወልደ ገብርኤል» ተብሎ የተጻፈ ሰው የገብርኤል ልጅ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አባቱ ወልደ ገብርኤል የሚባል ጊዮርጊስ ነው። «ወለተ»ም በሴቶች ስም ላይ እንዲሁ ታወዛግባለች። በአንድ ማስታወሻ ብቻ ይህን መወሰን አይቻልም። ያው ሰው በሌላ ውል ላይ፣ በምስክርነት ወይም በስጦታ ሲጠቀስ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ሁለቱም ንባብ ጎን ለጎን ይያዛል።

የስም ችግር በዚህ አያበቃም። ብራና የሚያውቀው የክርስትና ስምን ነው፤ ቤተሰብ የሚያስታውሰው ደግሞ ወላጅ ያወጣውን የመጠሪያ ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በንግሥና ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ይባላሉ። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ እቴጌ መነንም የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ሁለት እቴጌዎች በአንድ የክርስትና ስም ከተጠሩ፣ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ስንት ወለተ ጊዮርጊስ ሊኖር እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ፍለጋው ሳይጀመር ከቤተሰቡ አዛውንት የሟቾች የክርስትና ስም ይጠየቃል። በፍትሐትና በተዝካር ጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ስለሆነ፣ የመጠሪያውን ብቻ የሚያውቁ ልጆች ቢረሱት እንኳ የነፍስ አባት ያስታውሰው ይሆናል።

በወሎ ደግሞ ስም ከሃይማኖት ጋር ይለወጣል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እኚሁ ናቸው፤ የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስህንም ልጃቸው ናቸው። የእቴጌ መነንን ሐረግ በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ብቻ የሚከተል ሰው በእናታቸው በኩል በሁለተኛው ትውልድ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኢማሞቹ ቤት ትውልድ ነው። ብዙ የወሎ ቤተሰብም አንድ እግሩ በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው በመስጊድ ነው። እንዲህ ያለው ሐረግ በብራናው ሲቋረጥ ወደ ሼኾች ቤተሰብና ወደ እስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ በዐረብኛና በዐጀም ወደተጻፉ ጽሑፎች ይሻገራል። ዐጀም የሚባለው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ ነው።

የፊደል አጻጻፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በጸሐፊዎች እጅ ይለዋወጣሉ። አንድ ሰው በአንዱ ቅጠል ኃይለ፣ በሌላው ሀይለ ተብሎ ቢገኝ ሁለት ሰው አይደለም። የተፋቀ ስምም ይገጥማል። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም አስፍቆ የራሱን ያስጽፍ ነበር። በተፋቀ ቦታ ብራናው ይሳሳል፤ የአዲሱ ስም ቀለምም ከዙሪያው ይለያል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚነበበው ስም የኋለኛው ባለቤት እንጂ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው አይደለም።

ከስም ቀጥሎ ዘመን ይነበባል። የብራና ጸሐፊዎች ከአንድ በላይ የዘመን ስሌት ይጠቀማሉ። ዓመተ ዓለም ከፍጥረት የሚቆጠር ሲሆን፣ 5,500 ሲቀነስለት የዛሬው ዓመተ ምሕረት ይገኛል። ዓመተ ሰማዕታት ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ይጀምራል፤ 276 ሲደመርበት ዓመተ ምሕረት ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ላይ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ራሱ ዛሬ የሚታወቀው አይደለም፤ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ዐቢይ ቀመር ነው። በዚህ ስሌት 465 ተብሎ የተጻፈ ዓመት 808 ሲደመርበት 1273 ዓ.ም. ይሆናል፤ በሚቀጥለው ቀመር ከሆነ ግን 1,340 ተደምሮ 1805 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የፊደሉ ቅርጽና በጽሑፉ የተጠቀሰው ንጉሥ ይወስናሉ።

ለማረጋገጫ የሚያገለግለው የወንጌላውያን ዘመን ነው። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው። በምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል የውጫሌ ውል የተፈረመበት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይህን ለመሞከር ይመቻል። 1881 ላይ 5,500 ሲደመር 7,381 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነበር። በግእዝ አኃዝ ስድስትና ሰባት በቅርጽ ስለሚቀራረቡ፣ ቀለሙ በደበዘዘ ብራና ላይ 7,346 ይሁን 7,347 መለየት ሊያዳግት ይችላል። ጽሑፉ «ዘመነ ማርቆስ» ካለ የመጀመሪያው፣ «ዘመነ ሉቃስ» ካለ ሁለተኛው ነው።

ዓመት ሳይጻፍ የንጉሥና የጳጳስ ስም ብቻ የሚጠቀስበትም ጊዜ አለ። በዚህም ተመሳሳይ ስሞች ያሳስታሉ። አቡነ ሰላማ ሲባል በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ጳጳስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1867 የነበሩትም ይህንኑ ስም ይዘዋል። ንጉሡና ጳጳሱ አብረው ከተጠቀሱ ግን ዘመኑ ይጠባል፤ የሁለቱ ሥልጣን የተገናኘባቸው ዓመታት ብቻ ይቀራሉ።

ይህ ሁሉ ሲገጣጠም እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማሪያ በተዘጋጀ አንድ ምሳሌ ይታያል። በአንድ ወንጌል መጨረሻ «ዛቲ ወንጌል ዘአጽሐፋ ወልደ ሚካኤል ምስለ ብእሲቱ ወለተ ጽዮን» ተብሎ ተጽፎ፣ ዘመነ ሉቃስና 7,343 ዓመተ ዓለም ተጨምሮበታል እንበል። ማስታወሻው የስጦታ ነው፤ ወልደ ሚካኤል መጽሐፉን ያጻፈ እንጂ የጻፈ አይደለም፤ ወለተ ጽዮን ሚስቱ ናት። 5,500 ሲቀነስ 1843 ዓ.ም. ይመጣል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ስለሚተርፍ ዘመነ ሉቃስ ከሚለው ጋር ይስማማል። ባልና ሚስቱ በዚያ ዓመት በሕይወት እንደነበሩና ወንጌል የሚያስጽፍ ሀብት እንደነበራቸው ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው እነማን እንደነበሩ ግን ማስታወሻው አይናገርም፤ ያ ከቃል ትውልድ ወይም ከሌላ ውል መገኘት አለበት።

የቃሉ ትውልድ ከብራናው ጋር የሚገናኝበት ዋናው መስመር ርስት ነው። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ሐረጉን እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በዚህ ምክንያት የእናት ወገን ሐረግም ተጠብቆ ቆየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ይህ ክርክር ቀረ፤ ትውልድ ለመቁጠር የነበረው አስገዳጅ ምክንያትም አብሮ ላላ። ዛሬ በዕድሜ የገፉት የመጨረሻዎቹ የርስት ቆጣሪዎች ስለሆኑ፣ ከብራናው በፊት የእነርሱ ቃል መጻፍ አለበት። ሲጻፍም የሰዎቹ ስም ብቻ ሳይሆን የመሬቱ ስም ይያዛል፤ በማስታወሻ ላይ ሰውን ከሌላ ስመ ሞክሼ የሚለየው ብዙ ጊዜ የመሬቱ ስም ነው።

መጽሐፉ የተገኘበት ቦታም የቤተሰቡ አገር ላይሆን ይችላል። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ብራናዎችን ወደ መቅደላ አሰባስበው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። በእነዚህ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የጎንደር መሬት ሽያጭና ውርስ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ማስታወሻ የየትኛው አጥቢያ እንደሆነ የሚታወቀው መጽሐፉ ዛሬ ከተቀመጠበት ሳይሆን በውስጡ ከተጠቀሱት ቦታዎችና ታቦት ነው።

ብራናውን ለማየት በአጥቢያ ደረጃ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪና የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ሆኖም በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ የሐይቅ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥር 1832 ነው። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ባለው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ፣ ወደ ገዳሙ መግባት የማይችል ሰው በዚያ በኩል ሊያነበው ይችላል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ምክንያት ጣሊያናዊ አያት ያላቸው ቤተሰቦች ሌላ ዓይነት መዝገብ ያጋጥማቸዋል። የካቶሊክ የጥምቀት መዝገብ በላቲን ወይም በጣሊያንኛ ይጻፋል፤ ጆቫኒ የተባለው ሰው በላቲኑ ዮሐንስ በሚለው መልክ ይገኛል። ከአባት ስም በፊት «ፉ» የሚል አጭር ቃል ካለ አባትየው በዚያ ጊዜ ሞቶ ነበር ማለት ነው። ቀኑ ሲነጻጸር፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ ባለው ጊዜ የሰባት፣ ከዚያ በኋላ የስምንት ዓመት ልዩነት ይታሰባል። የአባት ስም የሌለበት የልጅ ምዝገባም ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 የወጣው የፋሽስት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል ስለከለከለ፣ ባዶው ቦታ አባቱ አለመታወቁን ብቻ አያሳይም፤ ሕጉ ያስቀረው ስምም ሊሆን ይችላል።

የንባቡ ውጤት የሚመዘገብበት መንገድ የሥራው መጨረሻ ነው። ማስታወሻው ፊደሉ ሳይታረም እንዳለ ይገለበጣል፤ የመጽሐፉ ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና የቅጠሉ ቁጥር ይጻፋል። የደበዘዘው ፊደል በግምት ከተሞላ ግምት መሆኑ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ለእያንዳንዱ የዝምድና ሰንሰለት ከብራና የተገኘው፣ ከቃል የተገኘውና በሁለቱም የተረጋገጠው ተለይቶ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ትውልዶች፣ በእንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ የተያዘ የቤተሰብ መዝገብ በብራናውና በዛሬው የወሳኝ ኩነት መዝገብ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል።